ብርዱን ያላዩት ካፖርት ሰፊ

አባ ረሻድ ከሞቱ አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ልጃቸው የስፌት መኪናውን በባጃጅ ጭኖ ከወሰደው ወዲህ የሱቄ በረንዳ ግማሹ ባዶ ነው። እኔ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር የምሸጥባት ሱቅ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ናት። እሳቸው ደግሞ እዚሁ በረንዳ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሰፍተዋል። አሁንም በሳምንት አንድ ሁለት ወጣት ይመጣና ወደ ባዶው ቦታ እያየ፣ «እማማ፣ ውጭ አገር ለሚማር ሰው ካፖርት የሚሰፉት አባት የት ሄዱ?» ይለኛል። ሞተዋል እለዋለሁ። ሌላ ምን ይባላል። አንዳንዱ ደንግጦ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ይቀመጥና ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ይጠይቀኛል። ይህን የምጽፈው ለተቀመጡት ነው።

አባ ረሻድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ሲሠሩ ከንፈራቸው መካከል አራት አምስት እስፒል ይይዛሉ፤ እስፒሉን ሳያወጡ ያወራሉ፤ ደንበኛው ምንም አይሰማም። የማስረዳው እኔ ነበርኩ። መንገደኛ በበረንዳው ሲያልፍ የኮቱን ጫፍ ያዝ አድርገው፣ «ይሄን ጨርቅ ማን ነው የበደለው?» ይላሉ። የማያውቃቸው ይቆጣል፤ የሚያውቃቸው ቆሞ ስፌቱን ያሳያቸዋል። የራሳቸውን ሥራ ግን አሞግሰው አያውቁም። አንድ ካፖርት ሲያልቅ አጥፈው ያስረክቡና፣ «እኔ ሰፍቻለሁ፤ ብርዱ ይፍረድ» ይላሉ።

ብርዱን ግን አያውቁትም። ከጅማ ወጥተው የሄዱበት ሩቅ አገር አዲስ አበባ ነው፤ እሱም ለዓይናቸው ሕክምና ለአራት ቀን ነው። «አዲስ አበባ ጠዋት ጠዋት ያንቀጠቅጣል» ሲሉ ብዙ አገር የዞረ ሰው ይመስሉ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። ታምራት የሚባል እዚህ ከተማ ኮሌጅ የጨረሰ ልጅ ሀንጋሪ የትምህርት ዕድል አገኘ። ከተማውን ቢዞር የሚረባ ካፖርት አጣ። ሁለት የሱፍ ብርድ ልብስ ገዝቶ መጣና አባ ረሻድ ፊት ዘረጋ። እሳቸው ብርድ ልብሱን በጣታቸው አሻሹት፣ ለሁለት ቀን አሰቡበት፣ ከዚያ ቆረጡት። ልጁ ሲሄድ የእኔን ስልክ ቁጥር ይዞ ሄደ፤ የእሳቸው ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ አይሠራም ነበርና።

የሀንጋሪ ክረምት ሲገባ መልእክት መጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «አባ ረሻድ፣ ካፖርቱ ከብርዱ አድኖኛል፤ ከሙቀቱ ግን አላዳነኝም። እዚህ ውጭው በረዶ ነው፣ ቤቱ እሳት ነው። ክፍል ውስጥ ሁሉም ካፖርቱን አውልቆ ይሰቅላል። እኔ ከሥር የለበስኩት ፒጃማ ስለሆነ አላወለቅሁም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በላብ ተማርኩ።»

አባ ረሻድ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ይህን የሚያደርጉት ሲስቁ ወይም ሲቆጡ ነው። ያን ዕለት እየሳቁ ነበር። ከዚያ የልክ ደብተራቸውን ገፉልኝና፣ «ጻፊ ተማሪዋ» አሉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩ ስሜ ያ ነበር። እሳቸው የሚጽፉት ቁጥር ብቻ ነው። በግራ በኩል የታምራት የትከሻ፣ የደረትና የእጅጌ ልክ አለ፤ በቀኝ በኩል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ገበሩ በቁልፍ የሚወልቅ ይሁን። ከሥር ሰው ቢያየው የማያሳፍር ሸሚዝ ይለበስ።

ከዚያ በኋላ የሄደ ልጅ ሁሉ የሚወልቅ ገበር ይዞ ሄደ። የሄደ ልጅ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ጻፈ። አንዱ መኖሪያ ፈቃዱን በውጭ ኪሱ ይዞ፣ ካፖርቱን ባቡር ወንበር ላይ ጥሎ ወረደ፤ ከእሱ ወዲያ ከውስጥ በኩል፣ በደረት ላይ፣ ባለ ቁልፍ ኪስ ተጨመረ። ሌላዋ ካፖርቱን በር ላይ ስትሰቅለው ከክብደቱ የተነሣ እየወደቀ መምህሩን እንደሚያስቆም ጻፈች፤ ኮሌታው ሥር ጠንካራ ማንጠልጠያ ገባ። ከቻይና ሰሜን የጻፈው ልጅ ጓንት አድርጎ ትንሽ ቁልፍ መቆለፍ እንደማይቻል ነገረን፤ እኔም ሱቄ ውስጥ ትልልቅ ቁልፍ ማስገባት ጀመርኩ። በዚህ ሁኔታ ካፖርቱ ዓመት በዓመት እየተማረ ሄደ።

ስህተትም ነበረ። በዚያን ጊዜ ለእኛ ውጭ አገር ማለት ብርድ ነው። አንድ የአጋሮ ልጅ ወደ ህንድ ደቡብ ሊሄድ መጣ፤ አባ ረሻድ ጠይቀው ሳያጣሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ድርብ ሱፍ አለበሱት። ቤተሰቡ በጣም ተደሰተ። ከወር በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አባ ረሻድ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ካፖርቱን ፍራሽ አድርጌዋለሁ።» ያን ቀን ከሰዓት አልሠሩም። ከእሱ በኋላ ማንም ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት አገሩን አይደለም። «በየትኛው ወር ነው የምትደርሰው? ውሃ ዳር ነው ተራራ?» ይላሉ። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ያያሉ፤ እሳቸው ይጠብቃሉ።

ከጅማ አጠገብ ካለችው ከሰቃ የመጣችውን እናትም አልረሳም። ልጇ ካፖርቱን ወደ ቤት ከወሰደ በኋላ ማንም ሳያያት የታችኛውን ጠርዝ ፈታች፤ በጨርቁና በገበሩ መካከል ጥሬ ቡና ዙሪያውን ሞላችና መልሳ ሰፋችው። ልጁ አያውቅም። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ በየእርምጃው እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ፈታሾቹ ጠርዙን ሲቀዱት ቡናው ወለል ላይ ተበተነ፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ለቀመለት። «አባ ረሻድ፣ ካፖርትዎ ቡና ወለደ» ብሎ ጻፈ።

አባ ረሻድ እናትየውን አስጠሩ። እስፒሎቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

«ስፌቴን ለምን ፈታሽ?»

«የሚጠጣው ያጣል ብዬ ነዋ፣ አባ ረሻድ።»

«እኔ የማላውቀው ስፌት ከእኔ ካፖርት ላይ?»

«ቢያውቁ እሺ ይሉኝ ነበር?»

«አልልም» አሉ። «እሺ ብል ግን እንዳይንሿሿ አድርጌ እሰፋልሽ ነበር።»

ካፖርት ብቻ አልነበረም የሚሰጡት። ሀያት የምትባል ልጅ በሄደችበት አገር አንድ ቤተሰብ ጋ እራት ተጋብዛ፣ እንደ እኛ ልማድ «አይ፣ በልቻለሁ» አለች። ሁለተኛና ሦስተኛ ግብዣ ስትጠብቅ ሳህኑ ተነሣ። ርቧት ወደ መኝታዋ ሄደች። ይህን ካነበብኩላቸው ቀን ጀምሮ አባ ረሻድ ልክ ሊወሰድለት የመጣውን ልጅ አንዴ ብቻ፣ «ሻይ ትጠጣለህ?» ይሉታል። ልጁ በጨዋነት፣ «አይ፣ ይቅርብኝ አባ» ይላል። እሳቸው ዞር ብለው ሻይ ለምትሸጠው ጎረቤታችን፣ «አንድ ብቻ» ይሏታል። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ልጁ ግራ ሲገባው፣ «እዚያ አንዴ ነው የሚጠይቁት» ይሉታል። «ዛሬ የተማርከው በሻይ ነው፤ እዚያ በእራት ትማረው ነበር።»

አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ መምህሩን በስሙ መጥራት ስላቃተው ጻፈ። «የአያቴ እኩያ ነው፤ በስሜ ጥራኝ አለኝ። አፌ አልታዘዝ አለ። ይኸው ዓመት ሙሉ ሳልጠራው ኖርኩ። የምጠይቀው ሲኖረኝ ኮሪደር ላይ ቆሜ ዞሮ እስኪያየኝ እጠብቃለሁ።»

«ሜ፣ እስቲ ለዚህ እኔ ምን ልስፋለት?» አሉ አባ ረሻድ። ቀኑን ሲያስቡበት ዋሉና ማታ ሱቅ ልንዘጋ ስንል፣ «እንዲህ በይው» አሉኝ፤ «በልብህ 'አባ' ብለህ ጀምር፤ ስሙን ብቻ ጮክ ብለህ ተናገር።» ላክሁለት። በሳምንቱ፣ «ሠርቷል» የሚል አንድ ቃል መጣ።

እንግዲህ ስለ ሜትሩ ልናገር። አባ ረሻድ ወገባቸው ከድሮም አይታጠፍም። የካፖርት ልክ ሲወስዱ የሜትሩን አንድ ጫፍ ትከሻ ላይ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። መጀመሪያ አካባቢ የሚይዘው ልጁን ይዞ የመጣው አባት ወይም እናት ነበር። ቆይቶ ነገሩ ልማድ ሆነ፤ ያለ ወላጅ ወይም ያለ ቤተሰብ ታላቅ ልክ አይወስዱም። ከአቅራቢያው ከሰቃም ከየቡም፣ ከሩቅ ከጎጃምም ከወላይታም የመጣ ተማሪ አባቱን ወይም አጎቱን ይዞ ይመጣል። በከተማው፣ «የእገሌ ልጅ ሜትር ተያዘለት» ከተባለ ቤተሰቡ ፈቅዶ መርቆታል ማለት ሆነ። ሜትር ሲይዙ ያለቀሱ አባቶች አይቻለሁ። አባ ረሻድ እንዳላዩ ሆነው ቁጥር ይጠሩልኛል፤ እጽፋለሁ።

ሰሚራ አንድ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ብቻዋን መጣች።

የየቡ ልጅ ናት። ጅማ ኮሌጅ ጨርሳ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራ ነበር። ፖላንድ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብለዋታል፤ ቪዛዋ ተመትቷል፤ የምትሄደው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አባቷ ከድር ቡና አብቃይ ነው። ከእሷ በፊት ታላቅ ወንድሟ ለትምህርት አዳማ ሄዶ፣ እዚያው ሥራ ይዞ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱን አልረገጠም። ስለዚህ ከድር ለልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፦ «ለፖላንዶቹ አልመጣም በያቸው።» ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አፉን አልከፈተም።

ይህን ሁሉ ቆማ ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እማማ፣ ሜትሩን እርስዎ ይያዙልኝ» አለችኝ።

እኔ ተነሥቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሜትሩንም አንሥቼ ነበር።

«ተቀመጪ ተማሪዋ» አሉ አባ ረሻድ።

ሰሚራ ፊቷ ተለወጠ። «አባ ረሻድ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም። ቪዛ የሰጡኝ ሰዎች ሜትር ይያዝልሽ አላሉኝም።»

«እነሱ ካፖርት አይሰፉም።»

«ያለ ካፖርትም እሄዳለሁ።»

«መሄድማ ትሄጃለሽ፣ ማን ይይዝሻል። እዚያ ደርሰሽ እንቅልፍ የሚነሣሽ ግን ብርዱ አይሆንም።»

ሰሚራ የቦርሳዋን ማንገቻ እጇ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። እንዳታለቅስ ፈራሁ፤ አላለቀሰችም።

«ቅዳሜ አባትሽ የት ነው የሚውለው?» አሏት።

«ቡና ማድረቂያው ላይ ነው። ጥር አይደል፣ ከዚያ አይነቃነቅም።»

«ቶሌ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። እስፒላቸውን አፋቸው ውስጥ መልሰው ወደ መኪናቸው ዞሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ በሚኒባስ ወደ የቡ ሄድን። እኔን የወሰዱኝ ደብተሩን እንዳነብላቸው ነው። ከድር ግቢ ስንደርስ በእንጨት አልጋዎች ላይ የተሰጣ ቀይና ጥቁር ቡና ጸሐይ ላይ ነበር። እሱ በእጁ እየገለባበጠው ነው። ወፍራም፣ ቁጡ የሚመስል፣ ሲናገር ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ለአባ ረሻድ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። ከዚያ ለእኔ ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው።

«ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ» አለ። «ባለፈው ሳምንት አንድ መምህሯም መጥቶ ነበር።»

«ምን አለህ?» አሉ አባ ረሻድ።

«ሁሉም ተምረው ይመለሳሉ አለኝ። ማለልኝ።» ከአልጋው ላይ የተበላሸ ፍሬ ለቅሞ ጣለ። «እርስዎ ያንን ሁሉ ልጅ ልከዋል። በዚያ ደብተር ውስጥ አለ ይላሉ። ስንቱ ተመለሰ?»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልጠበቅሁም። በደብተሩ ውስጥ አርባ ሦስት ሰው አለ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ መምህሩ፣ ስለ ባቡሩ የጻፉትን ሁሉ አውቀዋለሁ። ስለ መመለስ የጻፍነው አንድ መስመር የለም።

«ቁጠሪለት» አሉኝ አባ ረሻድ።

ገጹን እየገለጥኩ ቆጠርኩ። ሰሚራ ከቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ዘጠኝ» አልኩ።

«እነማን ናቸው?»

ስማቸውን ጠራሁ። አባ ረሻድ እጃቸውን አነሡ። «ሀያት ለእረፍት ነው የመጣችው። ለእረፍት የመጣ ሰው ተመለሰ አይባልም። ቀንሺ። ታምራትም ሠርጉን ደግሶ ሄደ። ቀንሺ። ያ የሰቃው ልጅ፣ ባለ ቡናው፣ እናቱን ሊጠይቅ ነው የመጣው።»

«ስድስት» አልኩ።

«ስድስት» አሉ አባ ረሻድ ለከድር። «ከአርባ ሦስት።»

እፍረት ተሰማኝ። ያን ያህል መንገድ የሄድነው ልጅቷን ልናስፈቅድላት ነው፤ እሳቸው ግን የመጣንበትን ነገር በገዛ አፋቸው ያፈረሱት መሰለኝ። ከድር የአልጋውን አንድ ጫፍ ጨርሶ ወደ ሌላው ዞረ። አባ ረሻድም አልተከተሉትም፣ አልለመኑትም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተሰጣውን ቡና ያያሉ።

«ስድስቱ ምን ይሠራሉ?» አለ ከድር ጀርባውን እንደሰጠን።

«ሁለቱ ያስተምራሉ። አንዷ ሐኪም ናት። አንዱ ሥራ ፈት ነው፤ ካፖርቱን ሸጦታል። የቀሩትን አላውቅም።»

ከድር ሳይወድ ሳቀ። ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁት። «ወላሂ፣ እርስዎ ሰው ለማስፈቀድ አልተፈጠሩም» አለ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ።»

ከድር እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ «ሰሚራ» ብሎ ጠራ። መጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ትመለሻለሽ?» አላት።

«እመለሳለሁ» እንድትለው ጠበቅሁ። በእሷ ቦታ ብሆን እንዲያ ነበር የምለው።

«አላውቅም፣ አባዬ» አለችው። «መመለስ እፈልጋለሁ። ያኔ ምን እንደምፈልግ ግን ዛሬ አላውቅም። የምቀር ከሆነ ግን ከሰው አትሰማውም። ከእኔ ነው የምትሰማው።»

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ። «አንተስ ጅማ ገበያ ብለህ ሦስት ቀን ስትጠፋ ከማን ነው የምሰማው?»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ ከድር።

«ማንም አልጠየቀኝም። እድሜዬን ሙሉ።»

አባ ረሻድ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ደብተሩ አየሁ። ከድር ወደ ውሃው በርሜል ሄዶ እጁን ታጠበ፤ በጣም ቆይቶ ታጠበ። ሲመለስ ወደ አባ ረሻድ እጁን ዘረጋ።

«የቱን ጫፍ ነው የምይዘው?» አለ።

ሰሚራን በተሰጣው ቡና መካከል አቁመው ለኳት። ከድር ሜትሩን ትከሻዋ ላይ በአውራ ጣቱ ስለተጫነው ልጅቷ ወደ አንድ ጎን ዘመመች። «ላላ አድርገው እንጂ» አሉት አባ ረሻድ፤ «ጥጃ አይደለም የያዝከው።» እናቷ በር ላይ ቆማ ሳቀች። ቁጥሩን ጠሩልኝ፤ እኔም ጻፍኩ።

ስንመለስ፣ ጅማ ልንገባ ስንል አባ ረሻድ፣ «ተማሪዋ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ ብርዱ ብቻ ነው የጠየቅናቸው» አሉኝ።

«እነሱም ስለ እሱ ነው የሚጽፉት» አልኳቸው።

«የጠየቅነውን ነዋ የሚጽፉት።»

በማግስቱ ለአርባ ሦስቱም አንድ ጥያቄ አስላኩኝ፦ አባትህን ወይም እናትህን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርከው መቼ ነው? የመጡትን መልሶች ሁሉ አልዘረዝርም። አንዱ፣ «አባ ረሻድ፣ እርስዎ ስፌትዎን ይስፉ» ብሎ ጻፈ። እሳቸው፣ «ልክ ነው» አሉና ያንንም አስጻፉኝ። አንዷ ለአምስት ወር ሳትደውል ቆይታ፣ አፍራ፣ እንዴት እንደምትጀምር እንደጠፋት ነገረችን። «በስድብ እንዲጀምሩሽ ተዪያቸው፤ ሲደክማቸው ስለ ጤናሽ ይጠይቁሻል» አስባሉኝ። ያ የህንዱ ልጅ ያኔውኑ ደውሎ አባቱ ግማሽ ሰዓት እንደጮኸበት፣ ከዚያ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ካፖርቱ እንደሆነ ጻፈ። ፍራሽ መሆኑን እስከዚያ ቀን አልነገረውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልክ ለመውሰድ የሚመጣ ልጅ ስለ ወሩና ስለ ብርዱ ከሚጠየቀው ሌላ አንድ ጥያቄ ተጨመረለት፦ የሚደውልበት ቀን። አባ ረሻድ ቀኑን አባትየው እየሰማ ያስነግሩታል፤ እኔ በደብተሩ ከእጅጌው ልክ ሥር እጽፋለሁ። ሰሚራ ዓርብ ብላለች።

ካፖርቷ ከሰፉት ሁሉ የተሻለ ነበር፤ አርባ ሦስት ሰው የተሳሳተውን ሁሉ የያዘ ነው። የፖላንድ ክረምት አልፎ እስክትጽፍ ድረስ አባ ረሻድ ከእኔ ስልክ ዓይናቸውን አልነቀሉም። በመጨረሻ፣ «ብርዱ ፈርዷል። እጅጌው ይረዝማል፤ ሌላው ደህና ነው። ሰዉ ባቡር ውስጥ አያወራም፤ መጀመሪያ የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጠባያቸው ነው። ጥያቄ አለ ወይ ሲሉ ከልባቸው ነው፤ ጠይቁ» ብላ ላከች። እጅጌው እንዴት እንደረዘመ ለሁለት ቀን ተከራከርን። እሳቸው ጥፋቱን በከድር አውራ ጣት አሳበቡ።

ከድርም በገበያ ቀን ጅማ ሲመጣ በረንዳችን ላይ መቀመጥ ጀመረ። ሰሚራ በየሳምንቱ ትደውልለታለች፤ ወሬዋን ከእኔ ስልክ መስማት አያስፈልገውም ነበር። ግን ይመጣል። ስለ ሌሎቹ ልጆች ይጠይቃል። እሱና አባ ረሻድ ስለማያውቋቸው ከተሞች የአየር ጠባይ ሲከራከሩ የሚሰማ ሰው እዚያው ያደጉ ይመስለዋል።

አባ ረሻድ ያረፉት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ብዙም አልታመሙም። ልጃቸው መጥቶ ሲነግረኝ ሱቄን እየከፈትኩ ነበር። መጀመሪያ ያደረግሁት ለተማሪዎቹ በአንድ መስመር መጻፍ ነው። ከዚያ ለለቅሶ ቤቱ የሚሆን ዳቦና ስኳር ስገዛዛ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቼ፣ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

ግቢው በር ላይ ሸራ እየወጠሩ ነበር። ከሄርማታ ሰው ገና ሦስት አራቱ ነው የደረሰው። ከድር ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጫማው ጭቃ ነው።

አንድ ጎረቤታችን ገርሞት፣ «አንተ ከየቡ ድረስ? እኛ አጠገቡ ሆነን አሁን ነው የሰማነው። ማን ነገረህ?» አለው።

«ልጄ» አለ ከድር።

«ጅማ ያለ ልጅ አለህ እንዴ?»

«ፖላንድ ያለችው ናት። ገና በጠዋቱ ደውላ፣ አባ ረሻድ ሞተዋል፣ ቀብሩ ሳያመልጥህ ቶሎ ሂድ፣ እኔም በአንተ እግር ነው የምመጣው አለችኝ። በሞተር ነው የመጣሁት።»

ጎረቤታችን ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ትመለሳለች ግን?» አለው።

«አላውቅም» አለ ከድር። «እሷም ገና አታውቅም።» ይህን ሲል አልከፋውም። አንድ ሽማግሌ ሲመጡ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው።

ቀትር ላይ ጀናዛው ለቀብር ወጣ። ሴቶች ስለማንሄድ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። በእኛ ከተማ ቃሬዛውን አንድ ሰው ብዙ አይዝም፤ ጥቂት እርምጃ ተሸክሞ ለሚቀጥለው ይለቃል፤ ሁሉም እንዲደርሰው ነው። ከድር ከፊት በኩል ትከሻውን ሰጠ። እርምጃውን ሲጨርስ ሌላ ሰው ሊቀበለው ቀረበ። ከድር ራሱን ነቀነቀ።

«የእኔን ጨርሻለሁ» አለው። «ይሄ የሰሚራ ነው።»

ሰውየው ወደ ኋላ አለለት። እስከ ማዞሪያው ድረስ ከድር ቃሬዛውን እንደያዘ ነበር።